የእንግሊዝኛ ስላንግ ሲገጥማችሁ ትርጉሙን እንዴት ታገኛላችሁ?

ስላንግ፣ ማለትም እንደኛ የአራዳ ቋንቋ ያለ መደበኛ ያልሆነ አነጋገር፣ የሚያስቸግረው አብዛኛው በደንብ ከምናውቃቸው ቃላት የተሠራ ስለሆነ ነው። ሲክ፣ ቲ፣ ካፕ፣ ሶልቲ፣ ጎስት፦ አንዳቸውም ለታች ክፍል ተማሪ እንኳ እንግዳ አይደሉም። ስለዚህ መዝገበ ቃላት መግለጥ ትዝ አይለንም። ሻይ ብለን የምናውቀው «ቲ» ሐሜት፣ ቆብ ያልነው «ካፕ» ውሸት፣ ጨዋማ ያልነው «ሶልቲ» የበሸቀ ሰው ሆኖ ሲመጣ ወሬው ይጠፋብናል።

መጀመሪያ የቃሉን ጎረቤቶች ተመልከቱ። «ዳውን»ን እንውሰድ። «አይም ዳውን ዊዝ ዘ ፍሉ» ያለ ሰው ኢንፍሉዌንዛ ጥሎታል። «አይም ዳውን ዊዝ ዛት» ያለው ግን ተስማምቷል። ሁለቱም ውስጥ «ዊዝ» አለ፤ የሚለያቸው ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ነው። የበሽታ ስም ከሆነ ሕመም፣ ሐሳብ ወይም ዕቅድ ከሆነ እሺታ። «ዳውን ፎር ኮፊ» ቡና ለመጠጣት ዝግጁ ነኝ ነው፤ «ፊሊንግ ዳውን» ደግሞ ከፍቶኛል። ባንክ ውስጥ «ዘ ሲስተም ኢዝ ዳውን» ከተባላችሁ ያው የምናውቀው «ሲስተም የለም» ነው።

የቃሉን ክፍልም ለዩ፤ ስም ነው፣ ግስ ነው ወይስ ቅጽል? «ዘ ሾው ቦምብድ» ሲባል ቃሉ ግስ ነው፤ ትርኢቱ ከሽፏል። «ዘ ሾው ዋዝ ዘ ቦምብ» ሲባል «ዘ» የቀደመው ስም ነው፤ ትርኢቱ ግሩም ነበር። (አየር ማረፊያ ውስጥ ግን ይህን ቃል በየትኛውም ትርጉሙ አታንሱት።) «ጎስት» በስምነቱ የሙት መንፈስ ነው። ግስ ሆኖ ሰው ሲከተለው፣ ለምሳሌ «ሺ ጎስትድ ሂም»፣ ምንም ሳትነግረው ድምፅዋን አጠፋችበት ማለት ነው።

ሦስተኛው መፈተኛ የቀጥታ ትርጉሙ ይቻላል ወይ የሚለው ነው። መኪና ስለማይታመም «ዛት ካር ኢዝ ሲክ» የሚለው ውዳሴ ነው። «ዛትስ ሲክ» ብቻውን ሲመጣ ግን አድናቆትም ጥላቻም ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው የድምፁ ቃና ነው። በጽሑፍ ከደረሳችሁ የፊተኛውን መልእክት አንብቡ፤ ካልጠራላችሁ ጠይቁ።

አሁን መዝገበ ቃላቱን ግለጡ። ቤት ውስጥ ያለው የእንግሊዝኛ አማርኛ ቅጂ እዚህ ላይ ብዙም አይረዳችሁም። የቮልፍ ሌስላውም ሆነ የአምሳሉ አክሊሉና የሞስባክ መዝገበ ቃላት በ1973 እ.ኤ.አ. የታተሙ ናቸው፤ የዛሬ ወጣት የሚናገረውን ሊይዙ አይችሉም። ኢንተርኔት ላይ ያለውን ሜሪያም ዌብስተር ብትጠቀሙ ይሻላል። እሱ ግን ትርጉሞቹን የሚደረድረው በዕድሜ ነው፤ ጥንታዊው ፊት ይመጣል። አንደኛውን ብቻ አንብቦ የሚዘጋው ሰው የሚሳሳተውም ለዚህ ነው። ስላንጉ አብዛኛውን ጊዜ ከታች ስለሚገኝ እስከ መጨረሻው ውረዱ። የተማሪ መዝገበ ቃላት ግን በጣም የተለመደውን ያስቀድማሉ።

ከትርጉሙ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ምልክት አትዝለሉ። «ኢንፎርማል» ከጓደኛ ጋር ይሁን ማለት ነው። «ስላንግ» ከዚያም የጠበበ ነው፤ አንዱ ሰፈር ወይም አንዱ ትውልድ ብቻ የሚለው ሊሆን ይችላል። «ዴትድ» ጊዜው አልፏል። «ቨልገር» ጸያፍ ነው። «ኦፌንሲቭ» የሚለውን ካያችሁ ቃሉን ዕወቁት እንጂ ከአፋችሁ አይውጣ። የአገር ምልክትም አለ፦ «ፒስድ» በብሪታንያ የሰከረ፣ በአሜሪካ የተናደደ ነው። ሁለቱም አገር ቃሉ ለአለቃ የሚነገር አይደለም።

እዚያም ካጣችሁት ኧርባን ዲክሽነሪ አለ። አሮን ፔክሃም በ1999 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሲሆን የፈለገ ሰው ይጽፍበታል፣ አንባቢ ድምፅ ይሰጥበታል። ፈጣን ነው፤ ግን ቀልደኛው፣ ተሳዳቢውና ከራሱ የፈጠረው ሁሉ ይጽፍበታል። ቢያንስ ሦስት ፍቺዎችን አነጻጽሩ። ሦስቱም ወደ አንድ ነገር ካመሩ ያዙት፤ ከተበታተኑ ተዉት። የተጻፈበትን ቀን እዩ፤ ከዚያ ያገኛችሁትን ፍቺ በሰማችሁት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተክታችሁ ሞክሩት። ካልገጠመ፣ ብዙ ድምፅ ስላገኘ ብቻ አትቀበሉት።

ቃሉን በጆሮ ብቻ ከሰማችሁት ሌላ ጣጣ አለ። አማርኛ ላይ «ሲክ» ብለን የምንጽፈው የታመመም የመፈለግም ቃል ሊሆን ይችላል፤ እንግሊዝኛው ግን የመጀመሪያውን አጭር፣ ሁለተኛውን ረዘም አድርጎ ያነባል። ቪዲዮ ከሆነ የግርጌ ጽሑፉን አብሩ። ካልሆነ ሁለቱንም አጻጻፍ ሞክሩ። እሺ ለማለት የሚባለው «ቤት» ደግሞ በፊደላችን ቤታችንን ይመስላል፤ ስትፈልጉት በውርርድነቱ ነው የምታገኙት።

መረዳትና መናገር ይለያያሉ። አራዳው «ጀለስ»ን ለሽማግሌ እንደማይለው ሁሉ «ኖ ካፕ»ንም ለሥራ ቃለ መጠይቅ አትውሰዱት። አንድን ቃል ከመጠቀማችሁ በፊት የተለያዩ ሰዎች በእናንተ ዕድሜና በምትኖሩበት ከተማ ሲሉት ስሙ። ስትመዘግቡም ቃሉን ለብቻው አትጻፉ፤ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር፣ ማን ለማን እንዳለውና ዓመቱን ጨምሩ። ከጥቂት ዓመት በኋላ «ዴትድ» የሚል ምልክት ሲለጠፍበት ከየት እንዳገኛችሁት ታውቃላችሁ።