ግሬይኑ እንዳይጎላ ፊልምና ዴቨሎፐር እንዴት ይመረጣል?

ግሬይን ማለት በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ የሚታየው ነጠብጣብ ነው፤ ዴቨሎፐር ደግሞ በተነሳው ፊልም ላይ ምስሉን የሚያወጣው መድኃኒት ነው። መጀመሪያ ፎቶውን በምን ያህል መጠን እንደምታትም ወስን። በፖስትካርድ መጠን ከሆነ ብዙ አትጨነቅ፣ የፈለግከው ፊልም ይበቃሃል። 30 በ40 ሴንቲ ሜትር ካልክ ግን ከ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ ግሬይኑ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ፊልሙን መምረጥ ቀላል ነው። አይኤስኦው (ፊልሙ ብርሃን የሚቀበልበት ፍጥነት) ዝቅ ባለ ቁጥር ግሬይኑ ይደቃል። ኢልፎርድ ዴልታ 100 ወይም ኮዳክ ቲ-ማክስ 100 ያዝ፤ የብር ክሪስታሎቻቸው ጠፍጣፋ ስለሆኑ ከተለመዱት የ100 ፊልሞች ይልቃሉ። ፓን ኤፍ 50ም ጥሩ ነው፣ ግን ብርሃን ሲያንስ ያለ ትራይፖድ አይሞከርም፤ ፎቶው በእጅ መንቀጥቀጥ ከተበላሸ ደቃቅ ግሬይን ምን ያደርግልሃል? ሰፊውን 120 ፊልም የሚወስድ ካሜራ ካለህማ እሱን አንሳ። የ6 በ6 ሴንቲ ሜትር ኔጋቲቭ ስፋቱ ከ35 ሚሊ ሜትሩ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ዴቨሎፐሩን ፊልሙ ካሜራ ውስጥ ሳይገባ ምረጥ። ብዙ ሰው አንስቶ ከጨረሰ በኋላ ነው የሚያስበው። ለምሳሌ ፐርሴፕቶል የተባለው ዴቨሎፐር ግሬይኑን በጣም ያለሰልሳል፣ ግን የፊልሙን ፍጥነት ይቀንሳል፤ ዴልታ 100ን አይኤስኦው 50 አካባቢ እንደሆነ ቆጥረህ ካላነሳኸው ጥላው ውስጥ ያለው ዝርዝር ባዶ ይሆንብሃል፣ ያንን ደግሞ በኋላ የሚመልስ መላ የለም።

ዲ-76 እና አይዲ-11 የሚባሉት ዴቨሎፐሮች አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። በአንድ ሊትር ውስጥ 100 ግራም ሶዲየም ሰልፋይት አለ፤ የብሩን ጠርዝ እያሟሟ ግሬይኑን የሚያለሰልሰው እሱ ነው። ሳታቀጥን ከተጠቀምክ ግሬይኑ ይለሰልሳል፣ የምስሉ ጥራት ግን ትንሽ ይደበዝዛል። እኩል ውሃ ከጨመርክበት ሰልፋይቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ምስሉ ይጠራል፣ ግሬይኑም ትንሽ ይወጣል። ለትልቅ ፎቶ እኔ ያልቀጠነውን እመርጣለሁ።

ፍጥነት ሳይቀንስ ደቃቅ ግሬይን የሚሰጥ ካልክ ኤክስቶል ነው። ችግሩ ሲበላሽ ቀለሙ አይለወጥም። ስለዚህ ከማጠብህ በፊት የፊልሙን ጫፍ ቆርጠህ በብርሃን ውስጥ ዴቨሎፐሩ ላይ ንከረው፤ በጥቂት ደቂቃ ካልጠቆረ ዴቨሎፐሩን ድፋው። ሮዲናል ከ1891 ጀምሮ ያለ ታዋቂ መድኃኒት ነው፣ ግን ግሬይኑን አያሟሟም። ለዚህ ሥራ አትግዛው።

ስታጥብ 20 ዲግሪን ጠብቅ፣ የአምራቹን የሰዓት ሰንጠረዥም ተከተል። ለጥንቃቄ ብለህ ደቂቃ አትጨምር፤ ብዙ የታጠበ ፊልም ግሬይኑ ይጎላል። ምስሉን በፊልሙ ላይ የሚያጸናው ፊክሰር ላይ ግን አትቸኩል፤ ቲ-ማክስ ሐምራዊ ቀለም ይዞ ከወጣ መልሰህ ፊክሰር ውስጥ አቆየው፣ ከዚያ በደንብ አለቅልቀው።