መጻሕፍት ላይ የአርኤፍአይዲ ታግ አለጣጠፍና አጻጻፍ

አርኤፍአይዲ (ዕቃን በሬዲዮ ሞገድ የሚለይ ቴክኖሎጂ) ለማስገባት የተነሣ ቤተ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ሳይዋስ የሚወጣ መጽሐፍ ሲያይ ስለሚጮኸው የመውጫ በር ነው። ሥራው የሚሰምረውም የሚበላሸውም ግን ታጉ፣ ማለትም መጽሐፉ ላይ የሚለጠፈው ቺፕና አንቴና ያለው ወረቀት፣ ሲለጠፍና ሲጻፍ ነው።

ታግ ስትገዙ በ13.56 ሜጋኸርትዝ የሚሠራ፣ የአይኤስኦ 15693 ደረጃን የሚያሟላ ይሁን። መረጃው በአይኤስኦ 28560 መሠረት እንደሚጻፍ ውሉ ላይ ይስፈር። ሻጩ የራሱን ምስጢራዊ አጻጻፍ ከተጠቀመ ነገ ከሌላ ነጋዴ የታግ ማንበቢያ መሣሪያ መግዛት አትችሉም። ለመጽሐፍ 5 በ5 ሴንቲሜትር የሆነው ካሬ ታግ ይበቃል። ታግ እንዳይባክን ግን የሚወገዱትን መጻሕፍት አስቀድማችሁ ለዩ።

ታጉን የኋላው ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ ወደ ተጠረዘበት ጎን አስጠግታችሁ ለጥፉ። እጥፋቱ ላይ እንዳያርፍ፤ ሽፋኑ በተከፈተ ቁጥር አንቴናው እየታጠፈ ይበጠሳል። አቧራውን ጥረጉና ከመሐል ወደ ዳር በመዳፍ ተጫኑት። እንደ ልጆች መጻሕፍት ያሉ ስስ መጻሕፍት ላይ የአንዱን መጽሐፍ ታግ ከታች፣ የቀጣዩን ከመሐል፣ የሦስተኛውን ከላይ አድርጉ። ታጎቹ ልክ አንዱ በአንዱ ላይ ከተደራረቡ የተቃኙበት የሬዲዮ ድግግሞሽ ይዛባና ማንበቢያው ይስታቸዋል። ሽፋኑ የሚያብለጨልጭ የብረት ቅብ ካለው ታጉ ከሽፋኑ ርቆ ውስጥ ገጽ ላይ ይለጠፍ።

ሲጻፍ ማንበቢያው ላይ አንድ መጽሐፍ ብቻ ይቀመጥ፤ ታግ የተለጠፈባቸው ሌሎች መጻሕፍት ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይራቁ። ባርኮዱን አንብቡ፣ ቁጥሩን ታጉ ላይ ጻፉ፣ ወዲያው መልሳችሁ አንብቡና ስክሪኑ ላይ የመጣው ርእስ በእጃችሁ ካለው መጽሐፍ ጋር አንድ መሆኑን እዩ። ይህቺን ማረጋገጫ የዘለለ ሠራተኛ የአንዱን መጽሐፍ ቁጥር ለሌላው ይሰጣል፤ ስህተቱም የሚታወቀው ተበዳሪው ያልወሰደውን መልስ ሲባል ነው። ባርኮዱን አትላጡት፤ ቺፑ ሲሞት የሚያድናችሁ እሱ ነው።

ታጉ ላይ የሚጻፈውና መጽሐፉ መዋሱን አለመዋሱን ለበሩ የሚነግረው፣ ኤኤፍአይ የሚባለው ቁጥር የበሩ ቁልፍ ነው። በዚህ አሠራር መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ሳለ 07፣ ሲዋስ ሲ2 ይሆናል፤ በሩ የሚጮኸው 07 ሲያይ ነው። ስለዚህ ይህን ቁጥር ለዘለቄታው አትቆልፉት፤ ከተቆለፈ በወጉ የተዋሰ መጽሐፍ ሁሉ በሩ ላይ ያስጮኻል። ክፍት መተውም አደጋ አለው፤ ኤንኤፍሲ (ታግን በቅርብ የሚያነብና የሚጽፍ ክፍል) ያለው ስልክ ታጉን ሊያነብና ቁጥሩን ሊቀይር ይችላል። ኤኤፍአዩን በይለፍ ቃል የሚጠብቅ ቺፕ ምረጡ። የተበዳሪ ስም ታግ ላይ ፈጽሞ አይጻፍ።

ኤኤፍአይ የሚያይ በር ኔትወርክ ቢቋረጥም ይሠራል፤ መረጃው ያለው ቺፑ ላይ ነውና። መብራት ሲጠፋ ግን ዕውር ነው፤ ለበሩም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ይያዝለት።

ቆጠራ ስታደርጉ የእጅ ማንበቢያውን በመደርደሪያው ላይ ቀስ አድርጋችሁ አሳልፉት። «ጠፍቷል» የተባለውን መጽሐፍ ከመዝገብ ከመሰረዛችሁ በፊት ቦታው ሄዳችሁ በዓይን ፈልጉት፤ ከብረት መደገፊያው ጋር ተጣብቆ የቆመ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ አይነበብም።