ያው ኮድ፣ ሁለት ፍጥነት

ኮዱን አልነካሁትም። ማሽኑም ያው ነው። አንዴ ሳስኬደው 2 ሰከንድ፣ ሌላ ጊዜ 2.6። መሃል ላይ ምንም የለም። መጀመሪያ የጠረጠርኩት የላፕቶፑን ሙቀት ነበር፤ ግማሽ ቀኔን በላው።

ፍንጩ የመጣው የበፈሩን (ፕሮግራሙ ዳታውን የሚያስቀምጥበት የሜሞሪ ቦታ) አድራሻ ፕሪንት ሳደርግ ነው። ሊኑክስ ለደህንነት ሲል ፕሮግራም በተነሳ ቁጥር ስታኩን፣ ማለትም በፈሬ ያለበትን የሜሞሪ ክፍል፣ ሌላ ቦታ ያስቀምጠዋል። ቦታው በ16 ባይት እየዘለለ ስለሚመረጥ፣ የበፈሬ አድራሻ አንዳንዴ ለ32 ይካፈላል፣ አንዳንዴ አይካፈልም። ሉፔ (የሚደጋገመው የኮዱ ክፍል) ደግሞ በኤቪኤክስ፣ ብዙ ዳታ አብረው በሚሠሩ የሲፒዩ ትእዛዞች፣ 32 ባይት በአንዴ ያነባል። የካሽ (የሲፒዩው ትንሽ ፈጣን ሜሞሪ) አንድ መስመር 64 ባይት ነው። አድራሻው ለ32 ከተካፈለ ሁለት ንባብ አንድ መስመር ውስጥ ልክክ ይላል። ካልተካፈለ ግን ከሁለት ንባብ አንዱ ድንበር ላይ ይጋደማል፤ ሲፒዩው ሁለት መስመር መንካት አለበት። ለካ በየጊዜው ዕጣ እያወጣሁ ነበር!

ለማረጋገጥ «ሴትአርች» በሚባለው ትእዛዝ የአድራሻ ቅያሬውን ለዚያ ፕሮግራም ብቻ አጠፋሁት። ውጤቱ አንድ ቦታ ረጋ። የረጋው ግን ቀርፋፋው ላይ! ከዚያ አንድ ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል (ፕሮግራሙ ሲነሳ የሚሰጠው ስም ያለው ጽሑፍ) ላይ ጥቂት ፊደል ጨመርኩ፤ ፈጣን ሆነ። እነዚህ ቫሪያብሎችም ስታኩ አናት ላይ ስለሚቀመጡ ከታች ያለውን ሁሉ ይገፉታል። ብቻዬን ሳቅኩ።

መፍትሔው አንድ ቃል ነው፦ በፈሩ የሚታወጅበት መስመር ላይ «አላይንአዝ 64» (አድራሻው ለ64 እንዲካፈል የሚያዝ) ጨመርኩ። የአድራሻ ቅያሬውን መልሼ አበራሁት፤ ለፍጥነት ተብሎ ጥበቃ አይጠፋም። 50 ጊዜ አስኬድኩት። ሁሉም 2 ሰከንድ አካባቢ።