የደሴት ረግረግ በግንቦት ተለክቶ እንዳይሰጥ

የጣና ውሃ በሰኔ መጀመሪያ ገደማ በዓመቱ ውስጥ ከሁሉ ዝቅ ይላል፤ መስከረም ማብቂያና ጥቅምት ላይ ደግሞ ይሞላል። ልዩነቱ በተለመደ ዓመት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ዳርቻው ለጥ ባለ ደሴት ላይ ግን ይህች አንድ ሜትር ተኩል ሰፊ መሬት ትሸፍናለች፣ መልሳም ትገልጣለች። የአካባቢው ሰው ባሕር ሸሽ የሚለው ይህንኑ ነው። ለሎጅ ወይም ለመስኖ ቦታ የሚፈልግ ባለሀብት ከባለሙያ ጋር ሜትር የሚጎትተው ብዙውን ጊዜ እግር በማይሰምጥበት ወር ነው። ቅጹ ላይ አንዴ «ባዶ መሬት» ተብሎ ከተጻፈ ታንኳ የሚሠራበት ደንገሉም፣ ፊላውም፣ ቀረሶ የተባለው ዓሣ የሚራባበት ጥልቀት የሌለው ውሃም በወረቀት አይታወቁም። ስለዚህ ማስረጃ የሚሰበሰበው ማንም ሳይመጣ ነው። ከዚህ በታች ያለው ለጣና ደሴቶች የተጻፈ ቢሆንም ለደምበል (ዝዋይ) ደሴቶችም ያገለግላል።

ውሃው የት እንደሚደርስ መመዝገብ

ሁለት ሜትር ተኩል ቀጥ ያለ እንጨት አዘጋጁ። ከታች 60 ሳንቲ ሜትሩ ይቀበራል፤ ቀሪውን በየ5 ሳንቲ ሜትሩ በዘይት ቀለም አስምሩ። በሰኔ፣ ውሃው በሸሸበት ጫፍ ላይ ትከሉት። ታንኳ ከሚቆምበትና ጉማሬ ከሚወጣበት ቦታ ራቁ፤ የሚነቀለው አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ ነው። በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ ነፋስ ሳይነሳ በማለዳ አንብቡና ቀኑን፣ ልኩንና ያነበበውን ሰው ስም በጥራዝ ደብተር ላይ ጻፉ። ብጣሽ ወረቀት ላይ የተጻፈ ቁጥር ኋላ የተሞላ ነው ሊባል ይችላል።

እንጨቱ ትንሽ ከሰመጠ የዓመቱ ቁጥር ሁሉ ይበላሻል። ለዚህ መድኃኒቱ ከማይነቃነቅ ቋጥኝ ወይም ከሕንፃ መሠረት ላይ ምልክት ቆርጦ፣ ግንበኞች በሚጠቀሙበት የላስቲክ ቱቦ ውሃ ልክ ከእንጨቱ ጋር ማመሳከር ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ይበቃል።

በጥቅምት፣ ውሃው በሞላ ጊዜ፣ ጠርዙን ተከትላችሁ በስልክ ጂፒኤስ በየ20 ሜትሩ ነጥብ ያዙ። ስልክ ሜዳ ላይ እስከ 5 ሜትር ገደማ ሊሳሳት ይችላል፣ ዛፍ ሥር ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ ስለዚህ ዋና ዋናዎቹን ነጥቦች በችካልም ምልክት አድርጉባቸው።

አፈሩ ደግሞ በበጋም የማይዋሽ ምስክር ነው። 50 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሩ። ብዙ ወራት ውሃ የሚተኛበት አፈር ግራጫ ወይም ወደ ሰማያዊ ያደላ ሆኖ የዝገት ነጠብጣብ ይታይበታል፤ መሬቱ ቢደርቅም ይህ ቀለም ቶሎ አይጠፋም። የታረሰ ከሆነ የላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር ስለተደበላለቀ ከዚያ በታች ያለውን ተመልከቱ። ዋልካ በሚባለው ጥቁር ሸክላ አፈር ላይ ግን ጥቁረቱ ግራጫውን ይሸፍነዋል፤ እዚያ በተክሉና በእንጨቱ መዝገብ ተደገፉ። ጉድጓዱን ከማስመሪያ ጋር ፎቶ አንሱ።

ፎቶ ከተመሳሳይ ድንጋይ ላይ፣ ወደ ተመሳሳይ አቅጣጫ፣ በመስከረም፣ በታኅሣሥ፣ በመጋቢትና በሰኔ ይነሳ። የስልኩ የቦታ መመዝገቢያ ክፍት ይሁን። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ አለዚያ ቀኑና ቦታው ከምስሉ ላይ ይራገፋል። ሴንቲኔል-2 የተባለው ሳተላይት በየ5 ቀኑ የሚያነሳው ምስል በነፃ ይገኛል፤ ሐምሌና ነሐሴ ደመና ስለሆነ የጥቅምትንና የግንቦትን አስተያዩ። ከላይ ሲታይ መጤው አረም እምቦጭም አረንጓዴ፣ ደንገልም አረንጓዴ ነው። ሁለቱን ሳትለዩ ካርታ ካወጣችሁ የመጀመሪያው ተቃዋሚ ባለሙያ ሰነዳችሁን በሙሉ ይጥልባችኋል።

የሚጠቀምበትን ሰው መቁጠር

ደንገል የሚያጭድ፣ ዓሣ የሚያሰግር፣ በበጋ ከብት የሚያሰማራ ቤተሰብ ስንት ነው? በሳምንት ስንት ሸክም ያወጣል? ገበያ ላይ በስንት ይሸጣል? በሐይቁ ዳር የሚኖሩት የወይጦ ማኅበረሰብ ታንኳ ሠሪዎች ብዙ ጊዜ የመሬት ደብተር ስለሌላቸው በይዞታ መዝገብ ላይ አይታዩም፤ ስብሰባም አይጠሩም። እነርሱን ያላካተተ ዝርዝር ጎደሎ ነው። ገዳማቱም ባለጉዳይ ናቸው፤ በማኅተም የወጣ የገዳም ደብዳቤ ወረዳ ላይ ክብደት አለው። ዝርዝሩን ለቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ አቅርባችሁ ቦታው የወል መሬት ሆኖ ከነወሰኑ እንዲመዘገብ በጽሑፍ ጠይቁ።

ስብሰባው፣ ፊርማውና ቃለ ጉባኤው

ብዙ ረግረግ የሚታጣው እዚህ ላይ ነው። ለውይይት የተጠራ ሰው የመገኘቱን ፊርማ ያኖራል፤ ወረቀቱ በኋላ «ኅብረተሰቡ ተስማምቷል» ከሚል ቃለ ጉባኤ ጀርባ ተያይዞ ይወጣል። ራስጌው ባዶ በሆነ ወረቀት ላይ አትፈርሙ። ራስጌ ካለውም «በስብሰባው ለመገኘቴ ብቻ» ብላችሁ ከስማችሁ ጎን ጻፉ። ቃለ ጉባኤው እዚያው ይነበብ፣ የተቃወሙ ሰዎች ቁጥር ይግባ፣ ከመበተናችሁ በፊት እያንዳንዱ ገጽ ፎቶ ይነሳ።

«ልማት አንፈልግም» ብሎ መነሳት አያዋጣም፤ በዚያ ቃል ብቻ ጉዳዩ ወደ ፖለቲካ ይዞርና ስለ ውሃው ማውራት ይቀራል። ይልቅ መልስ የሚጠይቅ ጥያቄ አቅርቡ። ወሰኑ የተለካው በየትኛው ወር ነው? የጥቅምቱ ውሃ ጠርዝ ካርታው ላይ የት አለ? የሎጁ ሽንት ቤት ጉድጓድ ወለል ክረምት ላይ ከሚወጣው የከርሰ ምድር ውሃ በምን ያህል ይርቃል? አንድ ሜትር ተኩል እንኳ ከሌለው ፍሳሹ ሳይጣራ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። መንገድ ከተደለደለ ውሃው በምን ያልፋል? ቱቦው ከረግረጉ ወለል ከፍ ብሎ ከተቀበረ በላይ በኩል ውሃ ይተኛል፣ በታች በኩል ያለው ደንገል ይደርቃል። ከተቻለ ሁለት ሦስት አማራጭ ቦታ፣ ከጥቅምቱ ጠርዝ ወደ ኋላ የራቀ፣ በካርታ ይዛችሁ ግቡ።

ማመልከቻ

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 92 ሕዝቡ በቀጥታ በሚነካው ፕሮጀክት ላይ ሙሉ በሙሉ የመመካከር መብት ይሰጠዋል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ያለ ፈቃድ እንዳይጀመር ይከለክላል፤ በአንቀጽ 15 ሪፖርቱ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ያዛል። መጀመሪያ ይህን ሪፖርት ጠይቁ። በመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት መልስ በ30 ቀን ውስጥ ይገባችኋል። ትልቁን ሥራ ሎጅ፣ ወደብ፣ መንገድ ብሎ ከፋፍሎ እያንዳንዱን «ትንሽ» በማሰኘት ከግምገማ ማምለጥ የተለመደ ዘዴ ስለሆነ ሪፖርቱ የትኛውን ክፍል እንደተወ ፈልጉ።

ቀጥሎ አቤቱታው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ የራሱ ጥቅም መነካቱን ማሳየት ሳይጠበቅበት፣ ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት ማመልከት ይችላል ይላል። በ30 ቀን ውሳኔ ካልተሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ቀኑ የሚቆጠረው ከወረቀት ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ባለሥልጣኑ እጅ ላይ ሳይሆን መዝገብ ቤት ይግባ፣ የእናንተ ቅጂ ላይ ገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ይረፍበት። ግልባጩ ለኢንቨስትመንት ጽሕፈት ቤቱ ይድረስ፤ አዋጅ 299 ፈቃድ ሰጪውም የአካባቢ ይሁንታ መኖሩን አስቀድሞ እንዲያረጋግጥ ያስገድደዋል። ከማመልከታችሁ በፊት አዋጆቹ መሻሻል አለመሻሻላቸውንና የክልሉን ደንብ ከጠበቃ ጋር አጣሩ።

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። ይህ ስም ብቻውን ቁፋሮ አያስቆምም። ጥቅሙ ካርታው ላይ ነው፤ የተጠየቀው ቦታ ዋና ቀጠና፣ መከለያ ቀጠና ወይስ ሽግግር ቀጠና ውስጥ እንደወደቀ ተመልክታችሁ የቀጠናውን ስም በአቤቱታው የመጀመሪያ አንቀጽ አስገቡ።

ሥራው ከተጀመረ አፈር የሚደፉትን መኪኖችና ጀልባዎች ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት በዚያው ጥራዝ ደብተር መዝግቡ። የተደፋው አፈር ከፍታ ከእንጨቱ ምልክት ጋር አብሮ ፎቶ ይነሳ፤ አፈሩ ከተደለደለ በኋላ የነበረውን ወለል ማስረዳት እጅግ ይከብዳል።