ለግቢ ማስዋብ ከፍለው ግቢው ካላማረ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው (ለባሕር ዳርና ለጣና ዳር ግቢዎች)

ባሕር ዳር ላይ ላንድስኬፕ ያሠራ ሰው ቅሬታው ብዙውን ጊዜ ስለ ሳሩና ስለ አበባው ነው፤ ጥፋቱ ግን ከሳሩ ሥር ነው የሚገኘው። ድርጅቱ ወይም በአረንጓዴ ልማት የተደራጀው ማህበር ሲያስረክብ ግቢው ለምለም ነው፤ ፎቶ ይነሳል፣ ቀሪው ሂሳብ ይከፈላል። አፈሩ ስንት ሳንቲሜትር እንደተሞላ፣ ውሃው በየት እንደሚወጣ፣ መጋቢት ላይ ማን በምን ውሃ እንደሚያጠጣ የጠየቀ የለም። ገና ሠሪ እየፈለጉ ከሆነ ከታች ያለው እያንዳንዱ መፍትሄ ውሉ ላይ መግባት ያለበት ነገር ነው። ሥራው አልቆ ከተበላሸ ደግሞ ከምልክቱ ይጀምሩ።

ሳሩ ገረጣ፣ ወይም ቦታ ቦታ እየለየ ደረቀ

መጀመሪያ ወሩን ይዩ። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ሰርዶም ሆነ ሌላው ሙቀት የሚወድ ሳር እድገቱን ይገታል፣ ይገረጣል። ውሃ ካልተቋረጠበት ሙቀቱ ሲመለስ እሱም ይመለሳል። በዚህ ጊዜ «መድኃኒት ያስፈልገዋል» የሚል ሠሪ ከመጣ ገንዘብዎን ኪስዎ ውስጥ ያቆዩት።

ብርዱ ካልሆነ ቅጠሉን ይመልከቱ። ያረጀው የታችኛው ቅጠል ቀድሞ ከገረጣ የናይትሮጅን እጥረት ነው፤ ለ100 ካሬ ሜትር 1 ኪሎ ዩሪያ ቅጠሉ ደረቅ ሳለ እኩል በትኖ ወዲያው በደንብ ማጠጣት ይበቃል። እርጥብ ቅጠል ላይ የተጣበቀ የዩሪያ ፍሬ ያቃጥላል። አዲሱ ቅጠል ገርጥቶ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ከቀረ ግን ከሥሩ የሲሚንቶ ወይም የኖራ ትራፊ እንዳለ ይጠርጥሩ፤ እንዲህ ያለ አፈር ላይ ተክሉ ብረት መሳብ ያቅተዋል። ዩሪያ ቢከምሩበት ለውጥ የለውም።

ድርቀቱ ቦታ ቦታ እየለየ ከሆነ ባለ 10 ፌሮ ይያዙ። ካጠጡ ማግስት መሬቱ ለስልሶ ሳለ የደረቀውም የለማውም ቦታ ላይ በእጅዎ ይጫኑት። ለምለሙ ቦታ 15 ሳንቲሜትር ገብቶ የደረቀው ቦታ 4 ወይም 5 ላይ ከቆመ ነገሩ ግልጽ ነው፦ ግንበኛው የተወው ስብርባሪ፣ ጠጠርና የደረቀ ሞርታር ሳይነሳ ስስ አፈር ለብሶ ሳር ተተክሎበታል። በክረምት ማንም አያውቀውም፣ ዝናቡ ይሸፍነዋል። ኅዳር ላይ ይወጣል።

መፍትሄው ያንን ቦታ ገልጦ ስብርባሪውን አውጥቶ እንደገና መሙላት ነው፤ ከላይ አፈር መነስነስ አያዋጣም። ልኩ ለሳር ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር፣ ለአበባ መደብ 30፣ ለቁጥቋጦ 40 ጥሩ የላይ አፈር ነው። 100 ካሬ ሜትር ሳር 15 ሜትር ኩብ አፈር ይፈልጋል፤ የተራገፈ አፈር ስለሚሰጥም 18 ይዘዙ። ሲኖ ትራኩ «ሙሉ ነው» ሲባል ጭነቱን ርዝመት በወርድ በከፍታ ለክተው ይቀበሉ። አፈሩ ከየት እንደመጣም ይጠይቁ፤ ቅንጬ አረምና የእንግጫ ሥር ብዙ ጊዜ ግቢ የሚገቡት ተጭነው በመጣ አፈርና አሸዋ ነው።

ሠሪው ሳሩን አጥብቆ እየላጨው ከሆነም ይደርቃል። ሰርዶ ከ3 እስከ 4 ሳንቲሜትር ይቁረጡት፤ በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ሲሶ በላይ አይወሰድም።

ውሃ ይተኛል፣ ሳሩ መሃል እንግጫ ወጣ

እንግጫ መውጣቱ ራሱ ምርመራ ነው፤ መሬቱ ውሃ ይዟል ማለት ነው። በዶማ እየቆፈሩ ማውጣት ከሥሩ ያለውን ፍሬ ቆራርጦ ያባዛዋል። ጸረ አረም የሚረጭ ሠሪ ካለም የትኛውን እንደሆነ ይጠይቁት፦ ቱ ፎር ዲ የሚገድለው ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ነው፤ እንግጫን አይነካም፣ ነፋስ ከወሰደው ግን የጎረቤትን ፓፓያና ቲማቲም ያጣምማል። ራውንድአፕ ደግሞ ሳሩን ራሱን ይዞት ይሄዳል። ውሃውን ካወጡለት እንግጫው በራሱ ይሳሳል፣ ቀሪው በእጅ ይለቀማል።

ውሃው ለምን ተኛ? በባሕር ዳርና ዙሪያዋ ሦስት ምክንያት ይደጋገማል።

የመጀመሪያው ዋልካ ነው። ጥቁሩ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፣ ከረጠበ በኋላ ውሃ ቁልቁል አያሳልፍም። ፈተናው ቀላል ነው፦ 30 በ30 በ30 ሳንቲሜትር ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ይሙሉት፣ እስኪሰርግ ይጠብቁ፣ ደግመው ይሙሉትና በአንድ ሰዓት ስንት እንደወረደ በማስመሪያ ይለኩ። ከ2.5 ሳንቲሜትር በታች ከሆነ መውረጃ የግድ ነው። ይህን ፈተና ሳይሠራ ዋጋ የሚሰጥ ድርጅት ዋጋው ግምት ነው። ዋልካን «በአሸዋ እናላላዋለን» የሚሉም አሉ፤ ጥቂት አሸዋ ከዋልካ ጋር ሲቀላቀል እንደ ሸክላ ጡብ ይደርቃል። የሚያላላው በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ብስባሽ ነው፤ ከ5 እስከ 8 ሳንቲሜትር አንጥፎ ከላይኛው 20 ሳንቲሜትር አፈር ጋር ማደባለቅ። ይህም የሚሠራው አፈሩ ርጥበት ኖሮት ጭቃ ባልሆነበት ጊዜ ነው። እርጥብ ዋልካ ላይ መኪናና ዶማ ማስገባት መሬቱን ጠቅጥቆ ሥራውን ከዜሮ በታች ይመልሰዋል።

ሁለተኛው ተዳፋት ነው። መሬቱ ከቤቱ ግድግዳ ወደ ውጭ በየ1 ሜትሩ 2 ሳንቲሜትር መውረድ አለበት። ግንበኛ የሚጠቀምበት የውሃ ልክ ቱቦ ለዚህ ይበቃል፤ በዓይን አይፈረድም። ተዳፋቱ ካልበቃ 40 ሳንቲሜትር ስፋትና 60 ጥልቀት ያለው ቦይ ይቆፈራል፣ በማጣሪያ ጨርቅ ይለበጣል፣ የተበሳ ባለ 110 ፒቪሲ ቱቦ በየሜትሩ 1 ሳንቲሜትር እየወረደ ይዘረጋል፣ በጠጠር ይሞላል። ጨርቁን «አያስፈልግም» ብለው የሚዘሉት ብዙ ናቸው፤ ያለ ጨርቅ ዋልካው በጥቂት ክረምት ጠጠሩን ይደፍነዋል። ቦዩ ከመዘጋቱ በፊት ፎቶ ያንሱ፣ አንድ ጀሪካን ውሃ ከላይ አፍስሰው ከታች መውጣቱን ይዩ። መውጫው የጎረቤት ግቢ ወይም የሽንት ቤት ጉድጓድ እንዳይሆን ቀድመው ይስማሙ፤ ክረምት ላይ የሚነሳው ጠብ መነሻው ይኸው ነው።

ሦስተኛው ሐይቁ ነው፣ የሚያታልለውም እሱ ነው። ጣና ከፍ የሚለው ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው፤ ዝቅ የሚለው ክረምቱ ሊገባ አካባቢ። ለሐይቁ ቅርብ የሆነ ግቢ በሚያዝያ ቢቆፈር ደረቅ ነው፤ በመስከረም የከርሰ ምድሩ ውሃ ወደ ላይ ይመጣል፣ የተቀበረው ቱቦ ራሱ ውሃ ውስጥ ይሆናል። እንዲህ ያለ ቦታ ቦይ አይረዳም፤ መደቡን ከ40 እስከ 50 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጎ መሥራት ነው። ሠሪው በበጋ አይቶ ዋጋ ከሰጠ፣ ባለፈው መስከረም ውሃው እስከ የት እንደደረሰ ከጎረቤት ጠይቀው ምልክቱን ያሳዩት። አቮካዶና ፓፓያ ሥራቸው ውሃ ውስጥ ከቆየ ይበሰብሳል፤ እዚያ አይተከሉም። ካና የሚባለው አበባ ይችለዋል፣ ቄጠማ ደግሞ ቤቱ ነው።

ከየካቲት በኋላ ሁሉም ይጠወልጋል

እዚህ ላይ ሠሪውን ብቻ መክሰስ አይገባም፤ ሂሳቡን ማንም አልሠራውም። በመጋቢትና በሚያዝያ አንድ ካሬ ሜትር ሳር በቀን ወደ 4 ወይም 5 ሊትር ይጠጣል። 100 ካሬ ሜትር ከሆነ በቀን ከ400 እስከ 500 ሊትር ነው፣ ከ20 እስከ 25 ጀሪካን። የቧንቧ ውሃ የሚቆራረጥበት ሰፈር ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ይህን ሳር የሚያኖረው ለሁለት ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ የሳሩን ስፋት በግቢው ሳይሆን ባለዎት ውሃ ይወስኑ፤ ሌላውን በጠጠር፣ በቡገንቪሊያና ድርቅ በሚችል ተክል ይሙሉት።

በየማታው ትንሽ ትንሽ መርጨት ሥሩን ከላይ ያስቀረዋል። በየ3 ቀኑ በካሬ ከ12 እስከ 15 ሊትር ያጠጡ። ለመለካት ጠፍጣፋ ጣሳ ሳሩ ላይ ያስቀምጡ፤ ከ12 እስከ 15 ሚሊሜትር ሲሞላ ያ ልኩ ነው፤ 1 ሚሊሜትር ውሃ በካሬ ሜትር 1 ሊትር ነውና።

የተከላው ወቅትም አብሮ ይታያል። ሰርዶ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ በ15 ወይም በ20 ሳንቲሜትር ርቀት ቢተከል ክረምቱ ያጠጣዋል። ለሠርግ ወይም ለጥምቀት ይድረስልን ተብሎ በጥቅምት የሚተከል ሳር እስከ ግንቦት ድረስ በእጅ ውሃ ነው የሚኖረው። ድርጅቱ «ይደርሳል» ሊል ይችላል፤ ይደርሳል፣ ከዚያ ይደርቃል።

የተተከለው ዛፍ አልያዘም

አንዱን ነቅለው ይዩ። ሥሩ አሁንም በፕላስቲክ ከረጢቱ ውስጥ ከሆነ ወይም ክብ ሠርቶ ከተጠማዘዘ ምክንያቱ በእጅዎ ነው። ግንዱ ከአፈር በታች ከተቀበረ ቅርፊቱ ይበሰብሳል። የተዳቀለ (በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ የተገጠመ) ማንጎ ወይም አቮካዶ ከሆነ መገጣጠሚያው ከአፈሩ በላይ መታየት አለበት።

ትክክለኛው እንዲህ ነው፦ ለፍራፍሬ ዛፍ 60 በ60 በ60 ጉድጓድ፤ የላይኛው 30 ሳንቲሜትር አፈር ለብቻ፣ የታችኛው ለብቻ። የላይኛውን ከ10 እስከ 15 ኪሎ ከተብላላ ፍግ ጋር ቀላቅሎ መመለስ። ዋልካ ላይ የጉድጓዱን ግድግዳ በዶማ ጫፍ መቧጨር፣ አለበለዚያ ልሙጥ ሆኖ ሥሩን ያጥራል፤ ዛፉንም ከመሬቱ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጎ መትከል። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል፣ የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል።

ቅርፊቱ በአፈር ተሸፍኖ ከተላጠ ምስጥ ነው። ምስጥ ቀድሞ የሚይዘው በውሃ ጥም የደከመውን ችግኝ ነው፤ ጭድና ደረቅ ሳር ለጉዝጓዝ ሲያነጥፉ ከግንዱ ቢያንስ 10 ሳንቲሜትር ያርቁት። ግቢው የአፈር ቁልል በቁልል ከሆነ ግን ፍልፈል ነው፤ እሱ በወጥመድ ካልሆነ በምክር አይሄድም።

ፊከስ የሚባለውን ዛፍ ከሽንት ቤት ጉድጓድና ከመሠረት አጠገብ የሚተክል ሠሪ ካለ ያስቁሙት። ሥሩ ውሃ እያሸተተ ነው የሚሄደው።

የድንጋይ ንጣፉ ተነሳ ወይም ሰመጠ

ዋልካ ላይ በቀጥታ ተነጥፏል። ኮብልስቶኑ ይነሳ፤ ከሥሩ ከ30 እስከ 40 ሳንቲሜትር ዋልካ ወጥቶ ገረጋንቲ በ15 ሳንቲሜትር ንብርብር እየረጠበና እየተጠቀጠቀ ይሞላ፣ ከዚያ 5 ሳንቲሜትር አሸዋ። ዳሩ በከርብ ስቶን (በዳር ድንጋይ) ካልታሰረ አሁንም ይንሸራተታል።

ሠሪው ቅድመ ክፍያ ወስዶ ቀረ፣ ወይም «ይህ በውላችን የለም» አለ

ብዙዎች ዘንድ ውሉ አንድ መስመር ነው፦ «ግቢውን ለማስዋብ በቁርጥ ይህን ያህል ብር»። በቁርጥ መዋዋል ጥሩ ነው፤ የተቆረጠው ምን እንደሆነ ካልተጻፈ ግን ሠሪው የሚቆርጠው ከአፈሩ ነው፣ ስለማይታይ። ውሉ ላይ የአፈሩ ጥልቀትና ሜትር ኩብ፣ የቦዩ ልክ፣ የችግኙ ዓይነትና ቁመት፣ ስብርባሪውን ማን እንደሚያነሳ፣ እስከ መቼ ማን እንደሚያጠጣ ይግባ። ሁለት ምስክር ይፈርም። ንግድ ፈቃዱንና ቲን ቁጥሩን ይዩ፤ ዋጋው ቫትን ይጨምር አይጨምር ከፊርማ በፊት ይለይ።

ክፍያውን በደረጃ ይክፈሉት። ለምሳሌ 30 በመቶ ሲጀመር፣ 40 በመቶ አፈሩ ተሞልቶ፣ ቦዩ ተፈትሾ፣ ተከላ ከመጀመሩ በፊት፤ 20 በመቶ ተከላው ሲያልቅ፤ 10 በመቶ ደግሞ ለ3 ወር መያዣ፣ የሞተ ችግኝ እስኪተካ። ትልቁ ክፍያ ከአፈሩ ጋር የታሰረው ሆን ተብሎ ነው፦ ያን ቀን ፌሮዎን ይዘው አሥር ቦታ ይውጉ። ሳሩ ከተነጠፈ በኋላ መሟገት ቀሪውን ዘመን መሟገት ነው። በሌላ በኩል ውሃውን እርስዎ አቋርጠው ሳሩ ቢደርቅ መያዣውን መከልከል አግባብ አይደለም፤ የማጠጣት ኃላፊነቱ በጽሑፍ ይሁን የሚባለውም ለሁለቱም ወገን ነው።

ግቢው ሐይቁን የሚነካ ከሆነ

ሠሪው «እይታ ይከፈት» ብሎ ደንገሉን ሊመነጥር ይችላል። አይፍቀዱ፤ ደንገሉ ከግቢ የሚወርደውን ደለልና ማዳበሪያ የሚያጣራው እሱ ነው። ጣና ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል ነው፤ ዳርቻው ላይ መመንጠርም ሆነ አፈር መሙላት ከማዘጋጃ ቤት ሳይጠየቅ የሚደረግ አይደለም። ወደ ውሃው በሚያዘነብል መሬት ላይ ክረምት ሲበረታ ዩሪያ አይበተንም፤ ዝናቡ አጥቦት እምቦጩን ይቀልባል።

ለኩሬ ጌጥ ብሎ ሐምራዊ አበባ ያለው ተንሳፋፊ ተክል ይዞ ከመጣ እምቦጭ ነው፤ ይመለስ። ከሐይቁ የወጣ እምቦጭ ለብስባሽ ሊያቀርብልዎትም ይችላል። ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይ፣ ክምሩ በደንብ ግሎ ተገላብጦ መብላላቱን ካላረጋገጡ ውሃ በሚደርስበት መሬት ላይ አያንጥፉት።