በቀለብ ደብተር ውስጥ ያሉ ሰዎች፦ በባርነት የኖሩትን ከጌቶቻቸው የቤት ወረቀት እንዴት መፈለግ ይቻላል?

ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ በሚገኘው ሰፈር፣ አያቴ በኖረችበት አሮጌ የእንጨት ፎቅ ውስጥ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ነበር። ቤቱ ሊፈርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ከፈትነው። የርስት ወረቀት፣ ሁለት ኑዛዜ፣ በክር የታሰሩ ደብዳቤዎች፣ ጥቂት ፎቶግራፎችና ጠርዙን አይጥ የበላው የቀለብ ደብተር ወጣ። የቤተሰቤን ታሪክ አገኛለሁ ብዬ ደብተሩን ገለጥኩ። ያገኘሁት የሌሎች ሰዎችን ስም ነው። የአባት ስም የሌላቸው ነጠላ ስሞች ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል፤ በየስሙ ትይዩ የእህል ልክ ተጽፏል።

እንዲህ ያለ ሣጥን በአዲስ አበባ መሀል ብዙ ነው። ከተማዋ ያደገችው በመኳንንት ሰፈር ዙሪያ ነው፤ በየመኳንንቱ ግቢ ደግሞ ውኃ የሚቀዱ፣ እህል የሚፈጩ፣ ልጅ የሚያዝሉ፣ በገዛ ፈቃዳቸው ያልመጡ ሰዎች ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና ዙሪያዋ ሲፈርሱ ስንት ሣጥን ሳይከፈት እንደተጣለ ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። ከዚህ በታች ያለውን የጻፍኩት ሣጥኑ ገና በእጃቸው ላለ ሰዎች ነው።

ሣጥኑን ሲከፍቱ

ወረቀቶቹን ለመለየት አይቸኩሉ። አብረው የታጠፉ ሁለት ወረቀቶች አብረው የታጠፉት በምክንያት ሊሆን ይችላል። ክሩን ከመፍታትዎ በፊት እንዳለ ፎቶግራፍ ያንሱት፤ ከዚያ እያንዳንዱን ወረቀት ከፊትም ከጀርባም አንስተው በሣጥኑ ውስጥ በነበረው ቅደም ተከተል ቁጥር ይስጡት። ጣትዎን በምራቅ አያርጥቡ። ማስታወሻዎን በእስክሪብቶ ሳይሆን በእርሳስ ይያዙ።

ዘመኑን ይወቁ

አሮጌ ኑዛዜ ብዙ ጊዜ ዓመተ ምሕረት አይጽፍም፤ «በዘመነ ማርቆስ» ብሎ ያልፋል። ስሌቱ ቀላል ነው። በጠረጠሩት ዓመት ላይ 5500 ይደምሩና ለአራት ያካፍሉ፤ ቀሪው አንድ ከሆነ ማቴዎስ፣ ሁለት ከሆነ ማርቆስ፣ ሦስት ከሆነ ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ ነው። በዚህ ስሌት 1916 ዓ.ም. ዘመነ ዮሐንስ ይሆናል። በወረቀቱ ላይ የንጉሡ ወይም የእንደራሴው ስም ካለ ደግሞ ዓመቱን በጠባብ ወሰን ውስጥ ያስገቡታል።

1916 ዓ.ም.ን በምሳሌነት ያነሳሁት በከንቱ አይደለም። ኢትዮጵያ በዚያ ዓመት መስከረም የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ በመጋቢት ደግሞ ባሪያን ነፃ ስለማውጣት አዋጅ ወጣ። አዋጁ ባርነትን በአንድ ቀን አላስቀረም፤ ጌታው ሲሞት ባሪያው ከወራሾቹ ጋር እስከ ሰባት ዓመት እንዲቆይ ይፈቅድ ነበር። በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ይህን ጊዜ አሳጠረው። ጣሊያንም አገሩን ሲይዝ ባርነትን ሽሬአለሁ ብሎ አወጀ፤ ከነፃነት በኋላ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ መንግሥት ባርነትን ፈጽሞ የሚከለክል አዋጅ አወጣ።

እነዚህን ዓመታት በአንድ ወረቀት ጽፈው ከፊትዎ ያስቀምጡ፤ ጸሐፊው የሚመርጠው ቃል በእነርሱ ዙሪያ ይለዋወጣልና። በሣጥናችን ካሉት ሁለት ኑዛዜዎች ቀዳሚው ሰዎችን ከበቅሎና ከመሬት ጋር ሳያፍር ይቆጥራል። ኋለኛው «ባሪያ» የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አይጠራም፤ «የቤቴ ልጆች» ይላል። ስሞቹ ግን በአብዛኛው እነዚያው ናቸው።

በቃሉ ሳይሆን በግሱ ይፍረዱ

ከሁሉ ይልቅ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ይህን ነው። «ገረድ»፣ «አሽከር»፣ «የቤት ልጅ» የሚሉት ቃላት ለነፃ ሰውም በባርነት ላለ ሰውም ያገለግሉ ነበር። «ውላጅ» የሚል ካገኙ በጌታው ቤት ከባሪያ የተወለደ ማለት ስለሆነ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ወረቀቱ ሁልጊዜ እንዲህ አይራራልዎትም። ስለዚህ ሰውዬው ምን ተባለ ብለው ሳይሆን ምን ተደረገ ብለው ይጠይቁ። ተሰጠ? ተወረሰ? ለሙሽራ ተጨምሮ ሄደ? በብድር ተያዘ? «ለልጄ ሰጥቻለሁ» ከሚለው ግስ ፊት የቆመው የሰው ስም ከሆነ፣ ያ ሰው በማንኛውም ለስላሳ ስም ቢጠራ በባርነት ውስጥ ነበር።

ሁለተኛው ምልክት ክፍያ ነው። ደመወዝ የሚቆረጥለትና ቀለብ ብቻ የሚሰፈርለት ሰው በአንድ ደብተር ውስጥም ቢሆን በተለያየ ገጽ ይገኛሉ። ሦስተኛው የአባት ስም ነው። በእኛ አገር ሰው የሚታወቀው በአባቱ ስም ነው፤ ነፃው አሽከር ከነአባቱ ስም፣ አንዳንዴም ከነአገሩ ይጻፋል። በባርነት ያለው ሰው በነጠላ ስም ይቀራል፤ ያም ስም ቢሆን ብዙ ጊዜ እናቱ ያወጣችለት አይደለም፣ ጌታው ወይም እመቤቱ የሰጡት ነው። ክርስትና ሲነሣ ደግሞ ሌላ ስም ይጨመርለታል። አንድ ሰው በሦስት ስም ሊጻፍ ይችላልና ስሙ ስለተለወጠ ብቻ ሌላ ሰው ነው ብለው አይደምድሙ።

ዛሬ ስድብ የሆኑ፣ ያኔም ስድብ የነበሩ መጠሪያዎች ያጋጥምዎታል። «ሻንቅላ» የሚለው የአንድ ሕዝብ ስም አይደለም፤ በቆዳ ቀለማቸው ለተናቁ ብዙ ሕዝቦች በጅምላ የተለጠፈ ነው። ስለዚህ ስለ ትውልድ አገር ማስረጃ አድርገው አይውሰዱት። ማስታወሻዎ ላይ እንደተጻፈ በትእምርተ ጥቅስ ይገልብጡት፤ በራስዎ ዓረፍተ ነገር ግን አይጠቀሙበት።

ለእያንዳንዱ ሰው ካርድ

ለአንድ ሰው አንድ ካርድ ይያዙ፤ ስሙን፣ ሥራውን፣ የተገኘበትን ወረቀት ቁጥርና ዓመቱን ይጻፉበት። ስም ለሌለውም ካርድ ይገባዋል፦ «ውኃ ቀጂ፣ ሴት፣ ወረቀት 14»።

የቀለብ ደብተር ደረቅ ይመስላል፤ እኔ ግን ከኑዛዜ አብልጬ አምነዋለሁ። ኑዛዜ ለካህንና ለወራሽ ይጻፋል፣ የቀለብ ደብተር ግን ጎተራውን ለሚጠብቀው ሰው ነው፤ ለማንም መልካም መስሎ ለመታየት አይጥርም። የአንዲት ሴት ቀለብ ድንገት ከፍ ቢል ልጅዋ እህል መብላት ጀምሮ ይሆናል። ስሟ ከአንድ ወር በኋላ ቢጠፋ ሞታ፣ ተሰጥታ፣ ነፃ ወጥታ ወይም ኮብልላ ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የዚያኑ ወር የወጪ ገጽ ይመልከቱ። ለከፈን የተገዛ አቡጀዴ ካለ ሞት ነው። ደብዳቤዎቹ ውስጥ «ጠፍታብኛለችና ብትታይ ያዙልኝ» የሚል ካለ ኮብልላለች፤ እኔ እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ሳገኝ ተነሥቼ መስኮት ከፈትኩ፤ ለእርሷ ደስ ብሎኝ ነበር። በዚያው ሰሞን የቤቱ ልጅ ተድራ ከሆነ ደግሞ ከሙሽራዪቱ ጋር ተልካ ይሆናል።

ስለ ሙሽራዋ አንድ ነገር ልጨምር። የቤት ሥራ የሚሠሩ ሴቶች ብዙ ጊዜ የሚተላለፉት በሴት ልጆች ጋብቻ በኩል ነው። ስለዚህ የወንዶቹን የማዕረግና የርስት ወረቀት ብቻ የሚያነብ ሰው ዱካውን እዚያው ላይ ያጣዋል። የሴት አያቶችዎን፣ የአክስቶችዎን፣ ወደ ሌላ ቤት የተዳሩትን ሁሉ ወረቀት ይጠይቁ።

በኑዛዜ ውስጥ «ስለ ነፍሴ ነፃ አውጥቻለሁ» የሚል ሲያገኙ ቀኑን በጥንቃቄ ይያዙ። ፍትሐ ነገሥት ባሪያን ነፃ ማውጣትን ከመልካም ሥራ ስለሚቆጥረው ሞት ሲቀርብ ይህን የሚናገር ጌታ አይጠፋም። መናገር አንድ ነገር ነው፣ መፈጸም ሌላ። ከቀብሩ በኋላ ያለውን የቀለብ ገጽ ይግለጡና ያው ስም አሁንም እንዳለ ይዩ።

ፎቶግራፉን ከጠርዙ ይጀምሩ

መሀል ላይ የተቀመጡትን ሰዎች ስም ቤተሰቡ ያውቀዋል። እርስዎ ጥግ ላይ የቆመውን፣ በበሩ ጥላ ግማሽ ፊቱ የተሸፈነውን፣ ሕፃን ይዛ የቆመችውን ይመልከቱ። ጀርባውን ያገላብጡ፤ ሕፃኑ ማን እንደሆነ ከተጻፈ ፎቶው የተነሣበት ዓመት ይታወቃል፣ ዓመቱ ከታወቀ ያቺ ሴት በደብተሩ ውስጥ ማን ልትሆን እንደምትችል ይጠብባል።

ሽማግሌዎችን ሲጠይቁ

«ባሪያ ነበራችሁ ወይ?» ብለው ከጠየቁ መልሱ «እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም» ነው፤ ከዚያ በኋላ ቡናው ይጠጣል፣ ወሬው ግን ያበቃል። ስለ ሥራ ይጠይቁ። ወፍጮው የት ነበር፣ ማንስ ይፈጭ ነበር? ውኃ ከየት ይቀዳ ነበር? አንዲት ዘመዳችንን «እማማ፣ ልጅ ሳሉ ማን ነበር የሚያዝልዎት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ጥቂት ዝም አሉና፣ «እርሷማ እናቴ ነበረች፤ ከእናቴ ይልቅ እናቴ ነበረች» ብለው አለቀሱ። የት እንደተቀበረች ግን አያውቁም ነበር።

መልሱን አይሽቀዳደሙት። «ያሳደግናት ልጅ ነበረች» ሲሉዎት «ከየት መጣች?» ብለው በለዘብታ ይጠይቁ። «ከዘመቻ» ካሉ ዘመቻው የቱ እንደሆነ ይፈልጉ፤ የወላይታ ዘመቻ በ1887 ዓ.ም.፣ የከፋ በ1889 ዓ.ም. ነው። ያኔ የተማረከች ሕፃን በጣሊያን ጊዜ የስንት ዓመት ሴት እንደምትሆን ያስሉ።

ከቤት ውጭ

በባርነት ያለው ሰው፣ ጎልማሳና ሕፃን ሳይል፣ ክርስትና የተነሣው በአጥቢያው ደብር ነውና ቤተሰቡ የየትኛው ደብር እንደነበረ ይወቁ፤ የክርስትና አባትና እናት ማን እንደነበሩም ይጠይቁ። ሕዝቡ ወመዘክር የሚለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። በስድስት ኪሎ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ደግሞ በ1955 ዓ.ም. ተቋቁሟል። ሁለቱም ዘንድ ሲሄዱ «ስለ ባርነት» ብለው አይጠይቁ፤ የጌታውን ስም፣ ማዕረግና ያገለገለበትን አውራጃ ይዘው ይሂዱ።

ስሙን ለማን?

በአገራችን ለጋብቻ ዘር ይቆጠራል፤ ያገኙት ስም በሕይወት ያለን ሰው ሊያቆስል ይችላል። ስለዚህ የሕያዋንን ስም በአደባባይ አይጻፉ። ካርድ የያዙለትን ሰው ዘሮች ያገኙ ከመሰለዎት ደግሞ መጀመሪያ የሚያውቁት እነርሱ ይሁኑ፤ ብቻቸውን ያግኟቸው፣ ማወቅ ይፈልጉ እንደሆነ ይጠይቁ፣ አልፈልግም ካሉ ቅጂውን በፖስታ አሽገው ያቆዩላቸው። ከራስዎ ዘመዶች የሚመጣው ቁጣ ግን ሌላ ነው። የእኔዎቹ «የሙታንን ስም አታጉድፍ» አሉኝ። ደብተሩ ውስጥ ያሉትም ሙታን ናቸው አልኳቸው።

ካዘጋጀኋቸው ካርዶች አንዱ ዘመዳችንን ላዘለቻቸው ሴት ነው። በቀለብ ደብተሩ እንጀራ ጋጋሪ ተብላለች፤ በመጀመሪያው ኑዛዜ «ከነልጅዋ» ለአያቴ እናት ተሰጥታለች፤ በፎቶግራፉ ከበሩ አጠገብ ቆማለች። የክርስትና ስሟን ባለፈው ጥር አገኘሁትና ከነጠላው ስሟ በታች ጨመርኩት። የአባት ስም የሚለው መስመር ገና ባዶ ነው። የትውልድ አገር በሚለው ላይ በእርሳስ «ወላይታ?» ብዬ ጽፌአለሁ።