አሮጌ መኪና አልነሳ ሲል ወይም መንገድ ላይ ሲጠፋ፦ ችግሩን እንዴት እንፈልገው?

መኪና አልነሳ ሲል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ባትሪ ለመቀየር ነው። እባካችሁ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ፈትሹ። የምጽፈው አዲስ አበባ ላይ በደንብ ስለምናውቀው ባለካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጥ ዕቃ ያለው) ኮሮላ ዲኤክስ ነው፤ በዚያው ዘመን ለተሠሩ ሌሎች ባለካርቡሬተር መኪኖችም ይሠራል።

የፊት መብራቱን አብርታችሁ ቁልፉን አዙሩ። መብራቱ ድክም ካለ ባትሪው ወርዷል ወይም ተርሚናሉ (ገመዱ ባትሪው ላይ የሚታሰርበት ብረት) ዝጓል። ተርሚናሉን ፈትታችሁ አጽዱና አጥብቁት። ሙሉ ባትሪ ሞተሩ ሳይነሳ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሞተሩ ተነስቶ ቮልቱ ወደ 14 ካልተጠጋ ዲናሞው እየሞላ አይደለም። መብራቱ ሳይደክም አንዴ «ቀጭ» ብሎ ዝም ካለ ሞተሪኖውን፣ ማለትም ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን፣ ጠርጥሩ።

ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ካልተነሳ ጥያቄው እሳት ነው ወይስ ቤንዚን? ለዚህ አንድ ትርፍ ካንዴላ (ሞተሩ ውስጥ ብልጭታ የሚሰጠው) መኪናው ውስጥ ይኑራችሁ። ማርሹን አውጡ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ። የአንዱን ካንዴላ ገመድ ነቅላችሁ ትርፉን ሰኩበት። የካንዴላውን ብረት ከሞተሩ ብረት ጋር አስነኩት፤ በእጃችሁ ግን አትያዙት። ሌላ ሰው ቁልፉን ሲያዞር ጠንካራ ሰማያዊ ብልጭታ ካያችሁ እሳቱ ደህና ነው። ቤንዚን የፈሰሰበት ቦታ ይህን አትሞክሩ።

ቀጥሎ ቁልፉን አጥፉና የአየር ማጣሪያውን ክዳን ክፈቱ። የነዳጅ መስጫውን ዘንግ በእጅ ስትስቡት ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን ፊጭ ማለት አለበት። ካላለ የቤንዚን ማጣሪያውንና የቤንዚን ፖምፓውን እዩ። ካርቡሬተር ውስጥ ቤንዚን እያፈሰሱ ማስነሳት የለመዱ አሉ። መኪናውን ሊያቃጥል ይችላል፣ ተዉት።

አስቸጋሪው ሲሞቅ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ የሚነሳው ነው። ጋራዥ ሲደርስ ሰላም ስለሚሆን መካኒኩ ምንም አያገኝም። ስለዚህ እዚያው በጠፋበት፣ ሳይቀዘቅዝ፣ በትርፉ ካንዴላ ፈትሹት። ብልጭታ ከሌለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ለካንዴላዎቹ ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው ኮይል ነው። ብልጭታ ኖሮ ቤንዚን ካልመጣ ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ተንኖ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ቤንዚን እዚህ ቶሎ ይተናል። ቱቦው የጋለ ብረት ነክቶ እንደሆነ አርቁት።

ዳገት ላይ እየደከመ የሚጠፋ ከሆነ ከቤንዚን ማጣሪያው ጀምሩ። የትራፊክ መብራት ላይ ስትቆሙ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ሚኒሞውን (ነዳጅ ሳትሰጡ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት) ከመነካካታችሁ በፊት ከካርቡሬተሩ ሥር ያሉትን ቀጫጭን የአየር ቱቦዎች ተመልከቱ። የተሰነጠቀ ካለ ቱቦውን ቀይሩና ከዚያ በኋላ ሚኒሞውን አስተካክሉ።